የአንባቢ ቃል በደራሲ አፍ
(ስለ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ስለ እኛ የመጽሐፍ ምሽቶች)

በስደት በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ የመጽሐፍ ምሽት እየበዛ መጥቷል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። አንድ ደራሲ ዓመታት የደከመበትን ሥራ ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ ቢዞር፣ አንባቢውን ፊት ለፊት ቢያገኝ፣ ለማሳተሚያ ያወጣውንም ገንዘብ በመጠኑ ቢመልስ ደግ ነው እንላለን። ነገር ግን ከእነዚህ ምሽቶች ጋር አብሮ የገባ አንድ ልማድ አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እርሱን መመርመር ነው። ልማዱም እንዲህ ነው። ደራሲው መድረክ ላይ ወጥቶ ከመጽሐፉ ጥቂት ገጾች ያነብባል። ከዚያም ከአንባብያን የደረሱትን ደብዳቤዎች ማሰማት ይጀምራል። አንዱ ዕንባ እንዳወጣበት ጽፏል፤ ሌላው በአንድ ሌሊት እንደጨረሰው ጽፏል፤ ሦስተኛዋ እናቷን እንዳስታወሳት ጽፋለች። ቀጥሎ የሚደረገው ምሽት መቼና በየትኛው ከተማ እንደሚሆን ይነገራል፤ ይጨበጨባል፤ መጽሐፉ ይፈረማል፤ እንጀራው ይቀርባል።

በተገኘንባቸው ምሽቶች ሁሉ «ይኸኛው አንባቢ ተሳስተሃል ብሎኛል» ተብሎ የተነበበ ደብዳቤ አንድም አልሰማንም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከቶ አልተጻፈም ማለት ነውን? አይመስለንም። ምሽቱ አልቆ ሰው ካፖርቱን ሲደርብ፣ በደረጃው ላይ ሲወርድ፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ የሚባለውን ሰምተናልና። «ልጅቷ ከእንጨት የተጠረበች ትመስላለች»፤ «የጎጃም ገበሬ እንዲህ አይናገርም»፤ «መጨረሻውን ያቻኮለው ገንዘብ አልቆበት ነው እንዴ?» ይባላል። ይህ ሁሉ ሂስ ነው፤ አንዳንዱም የበሰለ ሂስ ነው። ነገር ግን በደረጃው ላይ ተወልዶ በአውቶቡሱ ውስጥ ይሞታል። ደራሲው አይሰማውም፤ ወይም የሰማውን ለሕዝብ አያሰማውም። በመሆኑም የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ የአንባቢ ቃል በደራሲው አንደበት ሲነገር ምን ዋጋ አለው?

ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ጎረቤታችን ኬንያ ትበቃለች። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎን የመረጥነው ሕዝብ ሥራውን እንዴት እንደተቀበለው ራሳቸው በዝርዝር ጽፈው ካቆዩልን ጥቂት የአፍሪካ ደራስያን አንዱ በመሆኑ ነው። ደግሞም ይህ ሰው የዕድሜውን እኩሌታ የሚጠጋ ዘመን ያሳለፈው እንደ እኛው በሰው አገር ነበር፤ ሜይ 28 ቀን 2025 በ87 ዓመቱ ያረፈውም በአሜሪካ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ካላልን በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

እንደሚታወቀው ንጉጊ ከ1964 እስከ 1977 ያሳተማቸው አራት ልብ ወለዶች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነበር። ስለ ኬንያ ገበሬ ጻፈ፤ መሬቱን ስለተነጠቀው፣ በማው ማው ትግል ስለደማው፣ ከነፃነት በኋላም ባዶ እጁን ስለቀረው ሕዝብ ጻፈ። መጻሕፍቱን የሚያነብበው ግን የዚያ ገበሬ የተማረ ልጅ፣ ከዚያም አልፎ የለንደን መምህር ነበር። ስለ እርሱ የተጻፈለት ሰው ስለ ተጻፈው ነገር አንዳች ሊል አይችልም ነበር። በ1976 ግን በሊሙሩ አጠገብ ካለው ከካሚሪቱ መንደር አንዲት ሴት በማለዳ ወደ ቤቱ መጣች። ብዙ እንደተማረና መጻሕፍት እንደሚጽፍ መስማታቸውን ነግራ፣ ከዚያ ትምህርት ጥቂቱን ለመንደሩ ስለ ምን እንደማያካፍል ጠየቀችው። እሺ እስኪላት ድረስ በየሳምንቱ ተመላልሳለች። ንጉጊ ይህን «አእምሮን ከቅኝ አገዛዝ ማላቀቅ» በተባለው በ1986 በታተመው የሂስ መጽሐፉ ጽፎታል። ለአንድ ደራሲ ስለ ሥራው ከተነገሩት ቃላት መካከል ይህ ከከበሩት አንዱ ነው ብለን እናምናለን። በውስጡ ስለ መጽሐፎቹ ማማር አንድም ቃል የለበትም። የደራሲውን ዕዳ ነው የሚቆጥረው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዳሩ ግን ለጉዳያችን የሚጠቅመው ዝርዝሩ ነው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ «ባሻኝ ጊዜ አገባለሁ» የሚል ትርጉም ያለውን ቴያትር በኪኩዩ ቋንቋ ነድፈው በ1977 ለመንደሩ ሰዎች አቀረቡ። ያቀረቡት ተጠናቅቆ ያለቀ ሥራ አልነበረም። ጽሑፉ በአደባባይ ይነበባል፤ ሰዉ ይሰማል፤ ያርማል። ሽማግሌ በመድረክ ላይ ሲናገር እንዲህ አይልም፣ ክብሩ እንዲጠበቅ ከተፈለገ በዚህ ዓይነት ምሳሌ ይናገር ተባለ። በአካባቢው ባለው የጫማ ፋብሪካ የሚሠሩ ወዛደሮች የፋብሪካው ሥራ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ከጉልበታቸው የሚገኘው ሀብት ወዴት እንደሚሄድ ሲገለጽ ጎዶሎውን ሞሉ። የማው ማውን ዘመን በአካል ያዩ ሰዎች ታሪኩ እንዳይዛነፍ ተከራከሩ። የጥንቱን ዘፈንና ሥርዓት የሚያውቁ አረጋውያን ቃሉንና አካሄዱን አስተካከሉ። ልምምዱ የሚደረገው በግልጽ ሜዳ ስለነበረ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ያየውም አስተያየቱን ይሰጣል። መንደርተኛው 2,000 ሰው የሚይዝ ክፍት ቴያትር በገዛ እጁ ሠራ።

ይህን ከእኛ ምሽት ጋር አስተያዩት። በካሚሪቱ የተመልካቹ ቃል የመጣው ሥራው ለዕይታ ሳይበቃ በፊት ነው፤ የመጣውም ሊለውጠው ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ጭብጨባ ከልምምዱ መካከል ቦታ የለውም፤ «ይህ ስሕተት ነው፣ እንዲህ ቢሆን» የሚለው ብቻ ነው የሚጠቅመው። ንጉጊም ራሱ ከዩኒቨርሲቲ መምህርነቱ ወርዶ እንደ ተማሪ መቀመጡን አይደብቅም። (ቴያትሩ በመጽሐፍ ሲታተም በሽፋኑ ላይ የሰፈረው የሁለቱ ደራስያን ስም ነው። ያረሙት ሰዎች ግን መንደር ሙሉ ናቸው። ይህን የምናነሣው ለክስ አይደለም፤ ለነገሩ መታየት ስለሚገባው ነው።)

ቴያትሩ ኦክቶበር 2 ቀን 1977 ታየ። ኖቬምበር 16 ቀን ፈቃዱ ተነጥቆ ታገደ። ዲሴምበር 31 ቀን ንጉጊ ተይዞ፣ ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ያህል በካሚቲ እሥር ቤት ተቀመጠ። በ1982 ፖሊስ መጥቶ ክፍቱን ቴያትር አፈረሰው። መንግሥት የፈራው ደራሲውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ደራሲውን ማሠር ይበቃው ነበር። ሜዳውን ማፍረስ ያስፈለገው፣ አድማጩ ተናጋሪ የሆነበት ቦታ ስለነበረ ነው።

በእሥር ቤት በሽንት ቤት ወረቀት ላይ የጻፈው ልብ ወለድ፣ «ዲያብሎስ በመስቀል ላይ»፣ በ1980 በኪኩዩ ታተመ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ታትሞ 15,000 ቅጂ መድረሱን ንጉጊ ጽፏል። በአፍሪካ ቋንቋ የተጻፈ ልብ ወለድ ገዢ አያገኝም ይባል በነበረበት ጊዜ ይህ ቁጥር ትልቅ ክርክር ነበር። ከቁጥሩ የሚበልጥብን ግን የአነባበቡ ነገር ነው። ቤተ ሰብ ማታ ተሰብስቦ ማንበብ የሚችለው ልጅ ለሌሎቹ ያነብላቸው ነበር። ሠራተኞች በምሳ ሰዓታቸው አንዱን አንባቢ አድርገው ይሰሙ ነበር። በአውቶቡስና በታክሲ ይነበብ ነበር። በመጠጥ ቤት ደግሞ አንባቢው ብርጭቆው እስኪያልቅ ያነብና፣ ሲያልቅ ነገሩ ከጦፈበት ቦታ ላይ አቁሞ መጽሐፉን ያስቀምጣል፤ ታሪኩ የት እንደሚደርስ የጓጓ አድማጭ ሌላ ጠርሙስ ያዝዝለታል፤ ንባቡ ይቀጥላል።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ በኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ በተነበበ ጊዜ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሁሉ የሐዲስ ዓለማየሁ «አንባቢ» ሆኗል። ሬዲዮ ባለበት ቤት ደጃፍ ቆሞ የሰማ ሰው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል እንደ ጎረቤቱ ልጆች ይከራከር ነበር። የዚያ ክርክር ዝርዝር ተጽፎ ቢገኝ ዛሬ ከብዙ የሂስ መጣጥፍ ይልቅ ይጠቅመን ነበር።

እዚህ ላይ ነው በንጉጊ ላይ ያለንን ሂስ የምናቀርበው። ስለ ቴያትሩ ሲጽፍ፣ ሰዎቹ ምን እንዳረሙበት ይነግረናል። ስለ ልብ ወለዱ ሲጽፍ ግን የሚበዛው መጽሐፉ የት፣ እንዴትና ስንት ቅጂ እንደተነበበ ነው፤ የተነበበላቸው ሰዎች ምን እንዳሉ የሚነግረን ጥቂት ነው። በዚያ መጠጥ ቤት «ይኼስ ውሸት ነው!» ብሎ ጠረጴዛ የደበደበ አንድ ሰካራም አልነበረምን? ልብ ወለዱ ዋሪንጋ የምትባል ወጣት ሴትን ከጸሐፊነት አንሥቶ፣ ተንኮለኛ ሀብታም አስረግዞ ከጣላት ውርደት አውጥቶ፣ የመካኒክ ባለሙያ ያደርጋታል፤ በመጨረሻም ያንን ሰው በሽጉጥ እንድትገድል ያደርጋል። ከእርሻ ውለው ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ይህን የሰሙ የሊሙሩ ሴቶች ምን አሉ? አመኑት? ሳቁ? «እኛ ሽጉጡን ከየት እናምጣ?» አሉ? በመድረክ ላይ ሽማግሌው እንዴት ሊናገር እንደሚገባ ያረመ ሕዝብ፣ በልብ ወለዱ ውስጥ ስለምትገኘው ሴት ሐሳብ አጥቶ ዝም ይላል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ነገር ግን ያ ድምፅ አልደረሰንም።

ይሁን እንጂ ሚዛናችን እንዳያጋድል እንጠንቀቅ። ንጉጊ ያንን ዘገባ ሲጽፍ የሚከራከረው ለራሱ ዝና አልነበረም። ቋንቋው ልብ ወለድ ሊሸከም አይችልም፣ ገበሬ መጽሐፍ አይገዛም ለሚሉት ምሁራን መልስ እየሰጠ ነበር፤ የመጠጥ ቤቱ ታሪክና 15,000 ቅጂው የክርክሩ ማስረጃዎች ናቸው። ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው የሚረዳውን መምረጡ አያስደንቅም። በእኛ ምሽቶች የሚነበቡት ደብዳቤዎች ግን የየትኛው ክርክር ማስረጃ ናቸው? ስለ አማርኛ ልብ ወለድ አቅም የሚጠራጠር ሰው ከአዳራሹ ውስጥ የለም። የሚረጋገጠው መጽሐፉ መሸጥ እንዳለበት ብቻ ነው።

ወደ ውጭው ዓለም ለአንድ አፍታ ወጣ እንበል። የመጽሐፍ ምሽትን እንደ ሥራ ከያዙት ደራስያን ቀደምቱ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ ነው። ከ1858 ጀምሮ ሥራዎቹን በክፍያ ለሕዝብ እያነበበ አገሩን አዳርሷል፤ በ1867 እና በ1868 አሜሪካ ድረስ ሄዶ አንብቧል። ጭብጨባ እንደ እርሱ የጠገበ ደራሲ አይገኝም ይሆናል። ሆኖም በ1863 ከአንዲት አይሁዳዊት ሴት፣ ከኢላይዛ ዴቪስ፣ ደብዳቤ ደረሰው። ሴቲቱ ቀደም ሲል የዲከንስን ቤት የገዛው ሰው ሚስት ነበረች። «ኦሊቨር ትዊስት» በተባለው መጽሐፍ ፋጊን የሚባለውን ሌባ «አይሁዱ» እያለ በመጻፉ በሕዝቧ ላይ ትልቅ በደል እንደሠራ ነገረችው። ዲከንስ በመጀመሪያ ተሟገተ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ወንጀለኛ አብዛኛውን ጊዜ አይሁዳዊ ነበር፣ ሌሎቹ ክፉዎች ክርስቲያኖች ናቸው አለ። ሴትዮዋ አልረካችም፤ ደግማ ጻፈች። ከዚህ በኋላ በጻፈው «የጋራ ወዳጃችን» በተባለው ልብ ወለድ፣ ሪያ የሚባል መልካም አይሁዳዊ ሽማግሌ አስገባ። «ኦሊቨር ትዊስት» በ1867 እንደገና ሲታተም ደግሞ፣ በኋለኞቹ ምዕራፎች «አይሁዱ» የሚለውን ቃል ከብዙ ቦታ አውጥቶ በፋጊን ስም ተካው። ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ የማይስማማ ደብዳቤ ነው።

በርግጥ ሪያ እንደ ገጸ ባሕርይ ደካማ ነው። ደግነቱ ከልክ አልፎ የሰው ወዝ አጥቷል፤ ፋጊን በክፋቱ ሕያው ሲሆን ሪያ በደግነቱ ሐውልት ነው። እንግዲህ ከአንባቢ የመጣ እርማት ሁሉ ጥበብን ያሻሽላል ብለን አንከራከርም። በዕዳ የተጻፈ ገጸ ባሕርይ ዕዳ ይሸታል። ቃላቱን ከመጽሐፉ ማውጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ደራሲው የገዛ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ተመልክቶ ያደረገው ነው፣ ያም ትክክል ነበር። በካሚሪቱም የሆነው ከዚህ ይቀርባል፤ የተለወጠው ከሽማግሌው አፍ የሚወጣው ቃል ነውና።

አሁን ወደ ስደቱ እንምጣ። ንጉጊ ስደተኛ የሆነው በመጽሐፍ ምረቃ ምክንያት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በጁን 1982 «ዲያብሎስ በመስቀል ላይ» የተባለው ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ሊያስመርቅ ወደ ለንደን ሄደ። እዚያ ሳለ ቢመለስ እንደሚታሠር መልእክት ደረሰው። ለአጭር ጊዜ የታሰበው ጉዞ 22 ዓመት ፈጀ። በለንደን ሆኖ «ማቲጋሪ» የተባለውን ልብ ወለድ በኪኩዩ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1986 በኬንያ ታተመ። ደራሲው በዚያ የለም፤ የመጽሐፍ ምሽት የለም፤ የሚፈርም የለም። ታሪኩ ከጫካ ወጥቶ እውነትና ፍትሕ የት እንደሚገኙ አገሩን እየዞረ ስለሚጠይቅ አንድ ሰው ነው። በ1987 መጀመሪያ ላይ ማቲጋሪ የሚባል ሰው በየመንደሩ እየዞረ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠይቃል የሚል ወሬ ለመንግሥት ጆሮ ደረሰ፤ እንዲያዝ ታዘዘ። ፖሊስ ሲያጣራ ማቲጋሪ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ። በፌብሩዋሪ 1987 መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቅሞ ተወሰደ። ይህን የሚነግረን ንጉጊ ራሱ በእንግሊዝኛው ትርጉም መግቢያ ላይ ነው።

ስደተኛ ደራሲ ከአገር ቤት አንባቢው የተቀበለው መልስ ይህ ነበር፦ የእሥር ትእዛዝ፣ ያውም በገጸ ባሕርይ ስም። የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ወሬው የተነሣው ሕዝቡ ስለ ማቲጋሪ እንደ ሕያው ሰው ስለሚያወራ ነው። አንባቢዎቹ ለደራሲው ደብዳቤ አልጻፉም፤ የጻፈላቸውን ሰው ከመጽሐፉ አውጥተው ወደ መንገድ ላይ ለቀቁት። ንጉጊ ይህን ሲተርክ ራሱን አያሞግስም፤ የሆነውን ብቻ ያስቀምጣል። ከሁሉም የሚሻለው ዘገባው ይህ ነው ብንል አናጋንንም።

በጁላይ 31 ቀን 2004 «የቁራው ጠንቋይ» የሚል ትርጉም ያለውን አዲስ ልብ ወለዱን በኪኩዩ ሊያስመርቅ ወደ ኬንያ ተመለሰ። ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። በኦገስት 11 ሌሊት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ካረፈበት ቤት ገብተው በእርሱና በባለቤቱ ላይ ከባድ ጥቃት አደረሱ። የመጽሐፍ ምረቃ ለእርሱ ሁለት ጊዜ ዋጋ አስከፍሎታል፤ ለእኛ ደራስያን ግን የሚያስከፍለው የአዳራሹን ኪራይ ብቻ ነው። እንዲህ ስንል አደጋ እንዲደርስባቸው መመኘታችን አይደለም! ሆኖም ምንም የማያሰጋው ደራሲ አንድ የማይጥም ደብዳቤ ለማንበብ መፍራቱ ይገርመናል።

ፍርሃቱ ከየት እንደሚመጣ ግን ማጤን ይገባል፤ ጥፋቱ የደራሲው ብቻ አይደለምና። በስደት ምሽት ላይ የሚቀመጠው ሰው የመጣው መጽሐፍ ሊመረምር አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቋንቋ ሲታዘዝና ሲያዝዝ ከርሞ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል አማርኛ በማይክሮፎን ሲነገር መስማት ይፈልጋል። ከመድረኩ ላይ «ጉልቻ»፣ «መደብ»፣ «ዳገት» የሚል ቃል ሲወድቅ ልቡ ይነካል። ያለቀሰው ለቃሉ ነው፤ ለናፍቆቱ ነው። ደራሲው ግን ዕንባውን ለመጽሐፉ የተከፈለ ግብር አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በሚቀጥለው ከተማም «እዚያ ሕዝቡ አለቀሰ» ብሎ ይናገራል። እኛ ደግሞ እንግዳችንን ማሳፈር ነውር ስለሚመስለን፣ ከሩቅ መጥቷል፣ በገዛ ገንዘቡ አሳትሟል እያልን ዝም እንላለን። በዚህ ዓይነት የይሉኝታ ውል መጽሐፍ ሳይነበብ ይመሰገናል። ደራሲውም ሁለተኛ ሥራውን የሚጽፈው ለዚያ ዕንባ ይሆናል፤ ጉልቻው ይበዛል፣ ዳገቱ ይረዝማል፣ ሰዎቹ እየሳሱ ይሄዳሉ። እንዲህ ሆነው የሳሱ ሁለተኛና ሦስተኛ መጻሕፍት በመደርደሪያችን ላይ አሉ።

ይህ ይሉኝታ ከባህላችን የመጣ ነው የሚሉንን አንቀበልም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ቤቱ የጎደለበት፣ ሰሙ ከወርቁ ያልተጋጠመለት እንደሆነ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል። ጀማሪ ነው፣ ሩቅ አገር ጥሎ ለትምህርት መጥቷል ተብሎ የተበላሸ ቅኔ አይመሰገንለትም። በአዝማሪ ቤት ደግሞ «ተቀበል!» የሚለው ታዳሚ ግጥሙን ራሱ ይሰጣል። አዝማሪው ያንን ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜማል፤ ግጥሙ ራሱን የሚሰድብ ቢሆንም እንኳ ያዜመዋል፤ ካላዜመ ቤቱ ይስቅበታል። ለደራሲ የሚቀርብ ስድብ አንጠይቅም። ነገር ግን አድማጩ በሥራው ውስጥ እጁን የሚያስገባበት ሥርዓት ከካሚሪቱ በፊትም በእኛ ዘንድ ነበረ፤ ከአዳራሹ ውጭ ያስቀረነው እኛው ነን።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻለንም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። አንባቢው የተረፈውን ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበለ አነበበው። በ2025 መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቶ በዓለም ዙሪያ አንባቢ አግኝቷል። ስለ «ኦሮማይ» ሂስ ያለው አንባቢ ዛሬ ለማን ይጻፍ? ስለ ፀጋዬ ኃይለማርያም ለውጥ፣ ስለ ፊያሜታ ጊላይ አሳሳል ጥያቄ ያለው ሰው ማንን ይጠይቅ? ያ ደራሲ የመጽሐፍ ምሽት አልነበረውም፤ ሊኖረው በተገባ ነበር። አድራሻ ያለው፣ በሕይወት ያለ፣ ደብዳቤ የሚደርሰው ደራሲ የያዘውን ዕድል ቢያውቀው መልካም ነው።

ስለዚህ ለኅብረቱ የባህል ክፍል የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። መጽሐፉ ምሽቱ ከመድረሱ አንድ ወር በፊት ለየቅርንጫፉ ይዳረስ፤ የሚመጣው ሰው አንብቦ ይምጣ። ደራሲው ከሚያነብባቸው ገጾች መካከል አንዱን የሚመርጠው አንባቢ ይሁን፤ ያውም አልጣመኝም ያለውን ገጽ። ደብዳቤ የሚነበብ ከሆነ ከምስጋናው ጋር አንድ የተቃውሞ ደብዳቤ ይነበብ፤ ደራሲው መልስ ይስጥ፤ መሟገትም መብቱ ነው፣ ዲከንስም ተሟግቷል። ጎጃም ተወልዶ ያደገ ሰው በአዳራሹ ካለ የገበሬው ንግግር ይጠየቅለት። እንጀራው ቢዘገይ ማንም አይጎዳም።

ይህም መጽሔት ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ በመጽሐፍ ምሽቶቻችን ስለቀረቡ ሥራዎች አንባብያን የሚልኩትን ጽሑፍ ያወጣል። ርዝመቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ጸሐፊው የተቃወመበት ገጽ ቁጥር ይጠቀስ፤ የደራሲው መልስ ካለ በዚያው እትም ጎን ለጎን ይታተማል። በደረጃው ላይ የተባለውን ጻፉልን።